ከኋላ የሚመጣው ድምፅ፦ ጥቂት የተነዳ የስፖርት መኪና ሲያጉረመርም

አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ የ2002 ሞዴል ሸቭሮሌ ኮርቬት ገዛ እንበል። ቀለሙ አልደበዘዘም፤ የወንበሩ ቆዳ አልተሰነጠቀም፤ ጌጁ ላይ የሚነበበውም 14,000 ማይል፣ ማለትም 22,500 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ሻጩ መኪናውን የሚያወጣው ሰማዩ ጥርት ባለባቸው እሑዶች ብቻ እንደ ነበር ነግሮታል፤ አልዋሸም። ገዢው በአውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ነድቶ ቤቱ ሲደርስ፣ መኪናውን ለማቆም መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በዝግታ ሲታጠፍ፣ ከኋላው «ግርርር፣ ጓ ጓ ጓ» የሚል፣ ወንበሩን ጭምር የሚነቀንቅ ድምፅ ሰማ። በማግሥቱ ጆሮውን ሰጥቶ ሲነዳ ደግሞ ፍጥነቱ 50 ማይል ሲደርስ የሚጀምር፣ ከመጀመሪያው የተለየና ረጋ ያለ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ መኖሩን አስተዋለ። የመጀመሪያው ድምፅ አስደነገጠው፤ ሁለተኛውን ግን የስፖርት መኪና ባሕርይ ነው ብሎ አለፈው።

የብዙ ሰው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በመኪና የኋላ ክፍል ውስጥ የድምፁ ኃይልና የአደጋው መጠን እምብዛም አይገናኙም። ጥርስ የሚያፋጭ የሚመስለው ድምፅ ሁለት ሊትር በማይሞላ ዘይት ሊጠፋ ይችላል፤ ለስለስ ያለውና የተናቀው ደግሞ እያለቀ ያለ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ሊሆን ይችላል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ድምፁ የሚሰማበት ሁኔታ ነው፤ መፍቻ ከመነሣቱ በፊትም መጠናት ያለበት ይኸው ሁኔታ ነው።

በቅድሚያ ስለ ማይሉ። 14,000 ማይል ለ20 ዓመት ቢካፈል በዓመት 700፣ በሳምንት 13 ማይል ተኩል ያህል ይሆናል። በእኛ አገር መንገድ ብንለካው፣ ይህ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበት ነበር ማለት ነው። ጌጁ መኪናው ምን ያህል እንደ ሄደ ይቆጥራል እንጂ ምን ያህል እንደ ቆመ አይቆጥርም፤ መቆም ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው። አንድ ቦታ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ይደፈጠጣል፤ የቆመው ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ ተነድቶ ሲሞቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ለብዙ ወራት ወይም ለዓመታት ከሆነ ግን እንደ ተደፈጠጠ ሊቀር ይችላል። የፍሬን ዲስኩ፣ ሸራው ከተጫነበት ቦታ በስተቀር፣ ዙሪያውን ይዝጋል። ጎሚኒዎች (በብረቶች መካከል የሚገቡ ላስቲኮች) ይደርቃሉ። በኩሽኔታ ውስጥ ያለው ግራሶ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣና ደረቁ ይቀራል፤ እርጥበት ከገባ ደግሞ ኳሶቹ ለዓመታት በተቀመጡባቸው ነጥቦች ላይ ብረቱን ይበላዋል። የዲፈረንሻሉም (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘይት፣ ጌጁ «ገና ነው» ስለሚል፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይቀየር ይኖራል። በየዓመቱ 10,000 ማይል የሚነዳና በሰዓቱ ሰርቪስ የሚደረግ መኪና ከዚህ ሁሉ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ለኮርቬት ሻጭ መንገር ግን ከንቱ ድካም ነው።

ይህ መኪና ለማብራሪያው የተመረጠው የኋላ ክፍሉ ከብዙዎቹ መኪኖች የተለየ ስለ ሆነ ነው። ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ድረስ የተሠራው አምስተኛው ትውልድ ኮርቬት ሞተሩ ከፊት ሲሆን፣ ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀያየርበት ክፍል) ግን ከሞተሩ ጋር ተያይዞ አይገኝም፤ ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር ተጋጥሞ ተቀምጧል። ይህ የተደረገው ክብደቱን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ለማመጣጠን ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ በአንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ንዝረት የሚያበርዱ የላስቲክ ማያያዣዎችና ዘንጉን የሚደግፉ ኩሽኔታዎችም አሉት። በሌላ መኪና «ድምፁ ከኋላ ነው» ሲባል የሚጠረጠሩት ጎማ፣ ፍሬን፣ ሰሚያሴ (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) እና ዲፈረንሻል ናቸው፤ እዚህ ግን ካምቢዮውም ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ይሰለፋል። (የመኪና ክፍሎችን ስም በአብዛኛው የወረስነው ከጣሊያንኛ ስለ ሆነ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያልን እንቀጥላለን፤ በውጭ አገር ያደገ አንባቢ ትርጉሙን አባቱን ቢጠይቅ ሳያገኝ አይቀርም።)

በዚህ ላይ ባለ ጣሪያው ኮርቬት ከወንበሩ ጀርባ እስከ ኋላ መስታወት ድረስ ግድግዳ የሌለው ክፍት የዕቃ ቦታ አለው። ይህ ቦታ እንደ ከበሮ ሆድ የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ አጉልቶ ወደ ነጂው ጆሮ ያደርሳል። ስለዚህ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የዕቃ ቦታውን ባዶ ማድረግ ይገባል። ጣሪያው ተነቃይ ስለ ሆነና ሲነቀል የሚቀመጠውም እዚያው ስለ ሆነ፣ በደንብ ያልተቆለፈ ጣሪያ በየጉድጓዱ «ቋ» እያለ ባለቤቱን ዲፈረንሻል ሊያስገዛው ይችላል። ጣሪያውን በቦታው መልሶ፣ ዕቃውን አውጥቶ፣ ምንጣፉን አንሥቶ አንድ ዙር መንዳት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ምርመራው በመንገድ ላይ ይቀጥላል። የሚመረጠው ትራፊክ የሌለበት፣ ቀጥ ያለና አስፋልቱ ለስላሳ የሆነ መንገድ ነው፤ ነጂው ዓይኑን ከመንገዱ እንዳያነሣም ሌላ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ቢያዳምጥና ቢጽፍ ይሻላል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ድምፁ የሞተሩን ዙር ይከተላል ወይስ የጎማውን የሚለው ነው። ለዚህም ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ50 ማይል፣ መኪናውን በአራተኛ፣ ቀጥሎም በአምስተኛ ማርሽ መንዳት ይበቃል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ማርሹ ሲለወጥ ድምፁ ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ምንጩ ከሞተሩ እኩል የሚዞር ነገር ነው። የዚህ መኪና ልዩ ጠባይ ሊዘነጋ የማይገባው እዚህ ላይ ነው፤ በተለመደው መኪና ረጅሙ ዘንግ ከካምቢዮ በኋላ ስለሚገኝ የጎማውን ፍጥነት ይከተላል፤ በኮርቬቱ ግን ከካምቢዮው በፊት ስለሚገኝ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር ነው። በሌላ መኪና እጁን የፈታ መካኒክ «ዘንጉ ቢሆን ኖሮ ማርሽ ሲቀየር ድምፁ አይለወጥም ነበር» ብሎ በቅንነት ሊሳሳት ይችላል።

ማርሽ ቢቀየርም ድምፁ ያው ከሆነ ጭነት ይፈልግ እንደሆነ ይታያል። በዚያው ፍጥነት ነዳጅ ሲረገጥ፣ በልኩ ሲያዝና ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ይደመጣል፤ ቀጥሎም ማርሹ ዜሮ ላይ ተደርጎ መኪናው በራሱ ግፊት ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ነዳጅ ሲረገጥ ጮኾ ሲለቀቅ የሚጠፋ፣ ወይም በተቃራኒው ሲለቀቅ ብቻ የሚጮህ ድምፅ ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርሶችና ወደ ፒኞኑ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ትንሹ ባለ ጥርስ ክፍል) ኩሽኔታዎች ያመለክታል፤ ምክንያቱም ጥርሱ በአንዱ ፊቱ ሲገፋና በሌላው ፊቱ ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ ይለያያል። ጭነት ቢኖርም ባይኖርም የማይለወጥ ጉርምርምታ ግን የጎማ ወይም የጎማ ኩሽኔታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጆሮን የሚረዳ ጥቂት ሒሳብም አለ። የዚህ መኪና የኋላ ጎማ ስፋቱ 275 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 40 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንግዲህ ጎማው በሰኮንድ 8 ጊዜ ግድም ይዞራል። በእጅ ማርሽ በሚቀየርበት ኮርቬት የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 3.42 ስለ ሆነ፣ በዚያው ሰኮንድ ፒኞኑ 27 ጊዜ ያህል ይዞራል። ኮሮናው (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ) 41፣ ፒኞኑ 12 ጥርስ አላቸው ብለን ብናስብ (41 ለ12 ሲካፈል የሚመጣው 3.42 ነው) ጥርሶቹ በሰኮንድ 320 ጊዜ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ለጆሮ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰኮንድ 8 ጊዜ የሚመጣ ነገር እንደ ተከታታይ ምት፣ «ዱብ ዱብ ዱብ» ተብሎ ይሰማል፤ ፍጥነቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ በሰኮንድ 3 ስለማይሞላ በጣት ሊቆጠር ይችላል። በሰኮንድ 27 ጊዜ የሚመጣው ከመሰማት ይልቅ በወንበርና በወለል ላይ ይዳሰሳል፤ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። 320ው ግን ዜማ ነው፤ ሰው በአፉ ሊከተለውና ሊያንጎራጉረው ይችላል። ከድምፁ ጋር አብሮ ማንጎራጎር የቻለ ሰው ስለ ጥርስ ማሰብ ይጀምር፤ መቁጠር የቻለ ሰው ደግሞ ጎማውን፣ ዲስኩን ወይም ሰሚያሴውን ይመልከት።

ገዢያችን የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲነዳ የለም፤ በዝግታ ሲታጠፍ ብቻ ይመጣል፤ የሚመጣውም መኪናው ከተነዳና ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ነው። ይህን ለመረዳት ዲፈረንሻል ለምን እንደ ተፈጠረ ማስታወስ ያሻል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት ስለሚበልጥ፣ መኪናው አንድ ሙሉ ክብ በሠራ ቁጥር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 10 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል፤ ይህም 4 ዙር ተኩል ተጨማሪ ማለት ነው። የሚገርመው ክቡ ቢሰፋም ቢጠብም ይህ ልዩነት አለመለወጡ ነው፤ ጠባብ ክብ ላይ ግን ያው ልዩነት በአጭር መንገድ ውስጥ ተጨናንቆ ይመጣል። ዲፈረንሻሉ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል።

ተራው ዲፈረንሻል ግን አንድ ድካም አለው፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ወይም በረዶ ላይ ከሆነ ኃይሉ ሁሉ ወደዚያው ይፈስሳል፣ መኪናውም ባለበት ይቀራል። ስለዚህ በስፖርት መኪና ዲፈረንሻል ውስጥ የፍሪሲዮን ሳህኖች ይጨመራሉ። በዚህ ኮርቬት ያለውና ጌትራግ የሠራው ዲፈረንሻል የዚህ ዓይነት ነው። ሳህኖቹ በሞላ (በስፕሪንግ) ግፊት እርስ በርስ ተጣብቀው ሁለቱን ጎማዎች በከፊል ያስተሳስራሉ፤ መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ ሳይወዱ በግድ መንሸራተት አለባቸው። የሚንሸራተቱት በለስላሳ ሁኔታ ከሆነ ድምፅ የለም። ዘይቱ ካረጀ ግን ሳህኖቹ ይጣበቃሉ፤ የጎማዎቹ ልዩነት ሲበረታ ድንገት ይላቀቃሉ፤ ወዲያው እንደ ገና ይጣበቃሉ፤ ይህም በሰኮንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የማሲንቆ ድምፅ የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። ሙጫ የተቀባው የደጋኑ ጭራ ጅማቱን ይዞ ይስባል፤ ጅማቱ ሲወጠር ያመልጣል፤ ጭራው እንደ ገና ይይዘዋል። ሙጫ የሌለው ጭራ በጅማቱ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ድምፅም አይወጣም። በዲፈረንሻሉ ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ልዩ ቅመም ሥራው ያንን «ሙጫ» ከሳህኖቹ ላይ ማንሣት ነው፤ ቆመው በሚጣበቁበትና በሚንሸራተቱበት ጊዜ ያለውን የሰበቃ ልዩነት ስለሚያጠበው ሳህኖቹ ሳይንቀጠቀጡ ይንሸራተታሉ። ዓመታት ሲያልፉ የቅመሙ ኃይል ይደክማል፤ ማይሉ 14,000 መሆኑ እዚህ ላይ አያድንም።

ምርመራውም ሕክምናውም እንግዲህ ቀላል ነው። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ መጀመሪያ ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ ክብ ይሠራል። ድምፁ በሁለቱም አቅጣጫ ከመጣና ቀጥ ሲባል ወዲያው ከጠፋ ሳህኖቹ ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል። መጠኑ 1.6 ሊትር ያህል ሲሆን፣ 75 ደብሊው 90 የሚል መለያ ያለው የዲፈረንሻል ዘይትና 118 ሚሊ ሊትር ያህል ቅመም ይገባበታል። አንዳንድ ዘይት ቅመሙ ውስጡ ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቅመም ማብዛት ሳህኖቹን ከልክ በላይ ያሙለጨልጭና ዲፈረንሻሉን ወደ ተራው ዓይነት ይመልሰዋል። የካምቢዮው ዘይት ሌላ መሆኑም ይታወቅ፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ተጋጥመው ቢቀመጡም ዘይታቸው አይገናኝም፤ የእጅ ማርሹ ካምቢዮ የሚጠቀመው እንዲያውም ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራውን ቀጭን ዘይት ነው። አሮጌው ዘይት ከመውጣቱ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱ ይረጋገጥ፤ ዘይቱን አፍስሶ የመሙያው ቡሎን አልፈታ ያለው ሰው መኪናውን በጭነት መኪና ማስወሰድ ግድ ይሆንበታል።

አዲሱ ዘይት ከገባ በኋላ ያው ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ መዞር ይገባል፤ ቅመሙ በሳህኖቹ መካከል የሚገባው ሳህኖቹ ሲንሸራተቱ ብቻ ነውና። ብዙዎች ይህን ይተዉትና «ዘይት ቀየርኩ፣ አልዳነም» ይላሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ዓይነትና በእኩል ያለቁ መሆናቸው፣ ንፋሳቸውም እኩል መሆኑ መታየት አለበት፤ አንዱ ካነሰ ሳህኖቹ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ሲንሸራተቱ ይውላሉ።

የወጣው አሮጌ ዘይት ሳይደፋ በንጹሕ ሳህን ላይ ተደርጎ በፀሐይ መታየት አለበት። ቡሎኑ ማግኔት ካለው በላዩ ላይ የሚገኝ ግራጫ፣ እንደ ቅባት የለሰለሰ ደቃቅ ብረት በየዲፈረንሻሉ የሚገኝ ነው። በጥፍር ሊነሣ የሚችል ስንጥር፣ የጥርስ ስባሪ ወይም ቅርፊት ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲፈረንሻሉ መከፈት አለበት፤ መኪናውም እስከዚያ ባይነዳ ይመረጣል። ዲፈረንሻል ይቀየር የሚል መካኒክ ይህን ዘይት ሳያይ ከተናገረ፣ ሌላ መካኒክ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

ወደ ሁለተኛው ድምፅ ስንመለስ፣ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሰማው ጉርምርምታ ሁለት ዋና ምንጮች አሉት፤ ጎማና የጎማ ኩሽኔታ። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ ልምድ ያለው ሰውም ይሳሳታል። የመጀመሪያው መለያ አስፋልቱ ነው። ሻካራ ከሆነ መንገድ ወደ አዲስ ለስላሳ አስፋልት ሲገባ ድምፁ በግልጽ ከተለወጠ ጎማው ይጠረጠራል፤ ኩሽኔታ መንገዱ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ሁለተኛው መለያ ክብደት ነው። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ለስለስ አድርጎ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ከጨመረ ደግሞ የግራው ይመረመራል። በሌሎች መኪኖች የሚሠራበት ሌላ ዘዴም ነበር፤ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀይሮ ድምፁ ቦታ ይለውጥ እንደሆነ ማየት። እዚህ ግን አይቻልም፤ የፊት ቸርኬው 17፣ የኋላው 18 ኢንች ነው።

ጎማው ላይ የሚነበብ ቁጥርም አለ። በአሜሪካ በሚሸጥ ጎማ ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. በሚሉ ፊደሎች የሚጀምር ረጅም መለያ ይገኛል፤ ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። 3209 ቢል ጎማው የተሠራው በ2009 በ32ኛው ሳምንት ነው። ሙሉው መለያ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ሥር ገብቶ በውስጥ በኩል መፈለግ ያስፈልጋል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ብዙ የጎማ አምራቾችም 10 ዓመትን የመጨረሻ ወሰን ያደርጋሉ፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ። ጥቂት የተነዳ መኪና ጎማ ደግሞ ጥርሱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ አዲስ ይመስላል። በተጨማሪም ይህ ኮርቬት ከፋብሪካ የሚወጣው ተቀያሪ ጎማ ሳይይዝ፣ ንፋሱ ቢወጣም ጥቂት መንገድ ሊሄዱ በሚችሉ ጎማዎች ነው። እነዚህ ጎማዎች ጎናቸው እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ገና አዲስ ሳሉም ድምፅ ያሰማሉ፤ ሲያረጁና ሲደርቁ ይብስባቸዋል። እጅ በጎማው ፊት ላይ በክብ ሲሄድ፣ በአንድ በኩል የሚለሰልስና በሌላው የሚሻክር ወይም ገባ ወጣ የሚል ነገር ካለ በዓይን ሳይታይ በመዳፍ ይታወቃል።

ለኩሽኔታው መኪናው መነሣት አለበት። የዚህ መኪና ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው ቅጠል መሰል ስፕሪንግ) የአይሱዙን ባሌስትራ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነው፤ ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ የተሠራ አንድ ቅጠል ሲሆን ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ አግድም ተዘርግቷል። ክሪክ ከሥሩ ሊደረግበት አይገባም፤ ይሰነጠቃል። መኪናው በተወሰኑለት ነጥቦች ላይ ተነሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ጎማው ከላይና ከታች በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቀነቃል። ጨዋታ (መላላት) ካለው ኩሽኔታው አልቋል፤ መኪናው ከዚያ ወዲያ መነዳት የለበትም። ጨዋታ የለውም ማለት ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። አንድ እጅ ከኩሽኔታው አጠገብ ባለው ብረት ላይ አርፎ ጎማው በሌላው እጅ በዝግታ ሲዞር፣ እንደ አሸዋ የሚያሻክር ነገር ከተሰማ ውስጡ ተበልቷል። በዚህ ኮርቬት ኩሽኔታው ከነቤቱ የታሸገ አንድ ዕቃ ስለ ሆነ ግራሶ አይሞላም፤ ሙሉው ይቀየራል። ሁለቱን ጎኖች ማነጻጸር ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ የግራው ልክ እንደ ቀኙ ከሆነ ሁለቱም አንድ ላይ ተበላሽተዋል ብሎ ከማሰብ ይልቅ ደኅና ናቸው ብሎ መነሣት ይሻላል።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። ጠዋት ሲነሣ «ሽርርር» ብሎ ከጥቂት የፍሬን ርግጫ በኋላ የሚጠፋ ድምፅ የዲስክ ዝገት ነው። በዲስኩና በመከላከያ ቆርቆሮው መካከል የገባች ጠጠር እንደ ትልቅ ብልሽት ትጮኻለች፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ መንዳት ብቻ ያስወጣታል። የእጅ ፍሬኑ በኋላው ዲስክ ማዕከል ውስጥ የራሱ ትንንሽ ሸራዎች አሉት፤ መኪናው እጅ ፍሬኑ እንደ ተያዘ ለወራት ከቆመ ሸራዎቹ በዝገት ሊጣበቁና ሲነዳም ሊፋቁ ይችላሉ። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ «ቋ ቋ» ከደረቁ ጎሚኒዎች፣ ከባሌስትራው ጫፍ ላስቲኮች ወይም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ማንጠልጠያ ይመጣል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ የሚሰማ መንኮሻኮሽ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ ምንጩ ከፍሪሲዮኑ በኋላ ያለው ዘንግ ወይም ካምቢዮው ነው፤ ቀላል መንኮሻኮሽ በዚህ ካምቢዮ የተለመደ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ሲያልቁ ግን ድምፁ ወደ ጩኸት ይሄዳል፤ ያኔ ካምቢዮና ዲፈረንሻል መውረድ ስላለባቸው ሥራው ውድ ነው።

ጋራዥ የሚሄድ ሰው «ከኋላ ይጮኻል» ከማለት ይልቅ «ከሞቀ በኋላ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በዝግታ ስታጠፍ ብቻ» ቢል የመካኒኩን የግማሽ ቀን ሥራ ሠርቶ ሄደ ማለት ነው። በስልክ መቅዳትም ይጠቅማል፤ ሆኖም ስልክ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ስለማይይዝ ጉርምርምታውን ላያሰማ ይችላል። ገና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ የባዶውን ሜዳ ክብና የጎማውን ቁጥር ከዋጋ ድርድሩ በፊት ያስቀድም።

የምሳሌያችን ገዢ ዘይቱን ቀየረ። የወጣው ጥቁር ቢሆንም ስንጥር አልነበረበትም። ስምንት ቁጥሩን ሲጀምር ድምፁ እንደ ቀድሞው ነበር፤ በአምስተኛው ዙር ሳሳ፤ በአሥረኛው ጠፋ። የአውራ ጎዳናው ጉርምርምታ ግን እንዳለ ቀረ፤ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዘነብል አልጨመረም፣ ማርሽ ሲቀየርም አልተለወጠም፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ ግን ወረደ። ከመኪናው ሥር ተንጋልሎ በኋላ ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ በባትሪ ሲፈልግ ያገኘው ቁጥር 1802 ነበር።